ዝም ተብሎ የሚቀጠፍ ዳማከሴ

አበዛሽ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግትር ናት። በቦንጋ ከገበያው ወደ ላይ የሚወጣውን ዳገት ጨርሰው ወደ ግራ ሲታጠፉ ያለው ሰፈር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለራሷም ቢነግሯት አትክድም። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ስትሠራ፣ ኃላፊው ራሱ አንድ ፊደል ቢስት ረቂቁን ይዛ ተመልሳ፣ "ይሄ እንዲህ አይጻፍም ጌታዬ፤ እኔ ላርመው ወይስ እርስዎ ያርሙታል?" የምትል ሴት ነበረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አበዛሽ ሞኝ አይደለችም፤ ከወረቀት ጋር ብዙ ስለኖረች ግን አመሉ ሳይጋባባት አልቀረም።

ጡረታ ስትወጣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድያ ልጇ ኑኃሚን ሐዋሳ ትዳር ይዛለች። የቀረላት ግቢዋ ነበር። ደግሞ ምን ዓይነት ግቢ! ከበሩ በስተግራ ጤና አዳም፣ ከጓዳው መስኮት ሥር በሶብላና አርቲ፣ ከውኃው ቦይ ዳር ጠጅ ሳር፣ ከአጥሩ ጥግ ደግሞ የሁሉ አውራ፣ ዳማከሴው። እናቷ የተከሉት ነው። ሲያረጅ ከራሱ ቅርንጫፍ እየቆረጡ እየተከሉ፣ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ዳማከሴ ነው። ቅጠሉን በሁለት ጣት ሲያሹት ሽታው አፍንጫን ሰንጥቆ አናት ላይ ይወጣል፤ ጭማቂው እጅ ላይ የቀረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሸተው ይውላል። ላብ ይዞ ወጥቶ ፀሐይ የመታው፣ ራሱን የሚፈልጠው፣ ከንፈሩ በምች ያበጠ፣ ሁሉም ወደ አበዛሽ ግቢ ነው። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ጥቂቱ በሻይ ይጠጣል፣ የቀረው ፊትና ደረት ይቀባል፤ ከዚያ ተሸፋፍኖ መተኛት ነው።

አንድ ሕግ አለ፣ የእናቷ ሕግ። ለመድኃኒት ቅጠል የመጣ ሰው በሩ ላይ "ቤቶች!" አይልም። ሰላምታ አይሰጥም፣ አይለምንም፣ ሲወጣም "እግዜር ይስጥልኝ" አይልም። ባለቤቷም ብትሆን "ማን ታመመ? ምኑን?" ብላ አትጠይቅም። ቅጠሉ ከሰው አፍ ከገባ ይረክሳል፣ እንደ ጎመን ይሆናል ይሉ ነበር እናቷ። ሰፈሩም ይህን ተቀብሎ ኖሯል። አዲስ የተመደቡ አስተማሪዎች ሳያውቁ "እንደምን አደሩ እትዬ" እያሉ ሲገቡ፣ አበዛሽ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም ታሰኛቸዋለች። እነሱም ከበሩ ውጭ ይስቃሉ፤ ቅጠሉን ግን ዝም ብለው ይወስዳሉ።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚሁ ሕግ ነው።

ብርቅዬ ከአበዛሽ ቤት ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ የምትኖር፣ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ማር የምትሸጥ ሴት ናት። የከፋ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ በአማርኛ ትጀምርና በካፊኖኖ ትጨርሳለች። ሁለቱ ሃያ አምስት ዓመት አንድ ልብ ሆነው ኖረዋል። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ አገንፍታለች፣ አንዷ ባሏን ስትቀብር ሌላዋ አብራት ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አበዛሽ ቦንጋ ተወልዳ ቦንጋ አርጅታ ካፊኖኖ ስትሞክር አፏ ይተሳሰራል፤ ብርቅዬ ያን ሰምታ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። "ተይው የኔ እህት፣ አንቺ ታይፕሽን ምቺ!" ትላት ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት በጥቅምት፣ የብርቅዬ ልጅ ወንድማገኝ አተኮሰው። ብርቅዬ በጠዋት ዝም ብላ ገብታ ዳማከሴ ቀጠፈች። አበዛሽ ፊቷን አየችና አላስቻላትም፣ ተከትላት ሄደች። ልጁን አገላብጣ አየች፣ ቅጠሉን በገዛ እጇ ጨመቀች፣ አጠጣችው፣ ቀባችው። "ምች ነው፤ ነገ ይለቀዋል" አለች። የት ውሎ የት እንደመጣ አልጠየቀችም። ቅጠል ሰጪ አይጠይቅማ! ልጁ በበኩሉ ለእናቱ ማር ሊያመጣ ቆላ ወርዶ፣ ወንዝ ዳር ስድስት ሌሊት አድሮ ነበር የተመለሰው። ሁለተኛም ሦስተኛም ቀን ዳማከሴ ተጨመቀለት። በአራተኛው ቀን እናቱን "አንቺ ማነሽ?" ሲላት በሰው ሸክም ሆስፒታል ገባ። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ልጁ ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አበዛሽ ግን በዚያው ቀን አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ሆስፒታል ስትደርስ፣ ብርቅዬ ከኮሪደሩ መሐል ተነስታ፣ አስታማሚው ሁሉ እየሰማ፣ "ይቺ ሴትዮ በቅጠሏ ልጄን ልትቀብርብኝ ነበር!" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አበዛሽ ፔርሙሱን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወጣች። ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታስታውስም። ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ፣ ለባሏ እንኳ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ከሁሉም የሚያንገበግባት ደግሞ ቃሉ እውነት መሆኑ ነበር፤ ቢያንስ ግማሹ።

ከዚያ በኋላ መኳረፍ ሆነ። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ባጃጅ ታያለች፣ ሌላዋ ደመና። ሰፈሩ ሽማግሌ ላከ። ብርቅዬ "እኔ ምን አልኩ?" አለች፣ አበዛሽ "እኔ ምን አደረግሁ?" አለች፣ ሽማግሌዎቹም የቀረበላቸውን ቀማምሰው ሄዱ።

ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት የአበዛሽ በር ተንቋቋ። ብርቅዬ ናት! ቀጥ ብላ ወደ ዳማከሴው ሄደች፣ ሦስት ለጋ ጫፍ ቆረጠች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ ወጣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ እንደ ሕጉ። አበዛሽ በመስኮት ቆማ አየቻት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቅጠሌን አመነችው! አለች በልቧ። ማን ታሞባት ይሆን ብላ ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች፤ መጠየቅ ግን ክልክል ነው።

በሳምንቱ ብርቅዬ ተመለሰች፤ በሌላው ሳምንትም እንዲሁ። ገበያ የማትወጣበት ቀን ሲሆን በአራት ሰዓት ገደማ በሩ ይንቋቋል። ጥቂት ጊዜ አበዛሽን እውነት አሳሰባት፤ ያ ቤት ምን ዓይነት መርገም ገባው አለች። በኋላ ግን ወንድማገኝ በባጃጁ እየዘፈነ ሲያልፍ፣ ብርቅዬም ራሷ እንደ ኮርማ ጤነኛ ሆና ስትራመድ አየችና ነገሩ ገባት። ገባትና ዝም አለች። ምን ትበል? "የታመመ ሳይኖርሽ ለምን ትመጫለሽ?" ብትላት ሁለተኛ እንደማትመጣ ታውቃለች።

ስለዚህ ሌላ ሌላውን አደረገች። ብርቅዬ አጭር ናትና፣ ዳማከሴው ሽቅብ እንዳይሄድባት በየጊዜው ትከረክመዋለች። በክረምት እዚያ ጥግ ጭቃው እግር ይውጣል፤ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስመጥታ አስነጠፈች። ብርቅዬ በምትመጣበት ቀን ጠዋት ደህናውን ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር የምትለቅም ትመስላለች። ያ ምስር ስንት ጊዜ እንደተለቀመ እግዜር ይወቀው። አንዳንዴ ብርቅዬ ቅጠሉን ከቆረጠች በኋላም ትንሽ ትቆማለች፣ ጤና አዳሙን ታያለች፣ አረም ካየች ጎንበስ ብላ ትነቅላለች። አበዛሽም ቀና ሳትል ታያታለች። ይኼው ነው ኑሯቸው። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ዘንድሮ ኑኃሚን ጠናችባት። "እማዬ፣ ደም ግፊትሽን ይዘሽ ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ልጆቼ አያት ይፈልጋሉ፤ ቤቱን ለመምህራን እናከራየዋለን" ትላለች በየማታው በስልክ። አበዛሽ አንድ ዓመት ስትከራከር ቆይታ በመጨረሻ እሺ አለች። ኅዳር ሲገባ ልጇ ልትወስዳት ተቀጠረ። እሺ ስትል ግን በልቧ አንድ ነገር ያዘች፤ ከመሄዴ በፊት ብርቅዬ አንዲት ቃል ትናገረኝ። ስድብም ይሁን፤ ግን ቃል። ሳትናገረኝ ከሄድኩ ያቺ የኮሪደሯ ቃል የመጨረሻዋ ሆና ልትቀር ነው። ይህን ለማንም አልነገረችም። መሄዷን ግን ለሁሉ ነገረች፤ ለባለሱቁ፣ ለቄሱ፣ ለዕድሩ ጸሐፊ፣ የማይመለከተው ሁሉ ሰማ። ብርቅዬ ጆሮ እንዲደርስ ነዋ!

ደረሰ። ብርቅዬም መምጣቷን አቆመች።

አንድ ሳምንት ቀረች። ይሁን፣ ገበያ ይሆናል። ሁለተኛውም ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው አበዛሽ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቀችና አወለቀችው። "ተገላገልኩ ብላ ነዋ!" አለች ለዳማከሴው፣ ሌላ የምትነግረው ሰው ስላልነበራት። ዳማከሴው በየሳምንቱ የምትቆርጠውን አጥቶ ለምልሞ አበባ አውጥቶ ነበር። አበዛሽ ሆድ ባሳት፣ ከዚያ ተናደደች። አበዛሽ ስትናደድ ደግሞ ሥራ ነው የምትሠራው። በማግስቱ የቤቱን ብርድ ልብስ ሁሉ አውጥታ፣ ዝናቡ ከቆመ በኋላ በሚወጣው አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ አንድ በአንድ እየረገጠች ስታጥብ ዋለች።

በሁለተኛው ቀን አልጋ ያዘች። ራሷን ይፈልጣታል፣ ወገቧ ይቆረጣል፣ ብርድ ብርድ ይላታል። "ምች!" አለች። ሠላሳ ዓመት ሰውን "ላብ ይዘህ ፀሐይ አትውጣ" ስትል የኖረች ሴት፣ ጉድ እኮ ነው! ዳማከሴው ከአልጋዋ ሃያ እርምጃ አይርቅም። እስከ ደጁ ደረጃ ድረስ ጋቢዋን እየጎተተች ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ እግሯ እንቢ አለ። ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንቋቋ።

ብርቅዬ ቀጥ ብላ ወደ ዳማከሴው ሄደች። እንደ ወትሮዋ ሦስት ጫፍ ቆረጠች። ቀና ስትል አበዛሽ ደረጃው ላይ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አበዛሽ ሕጓን አልረሳችም፤ በእጇ ወደ ቁጥቋጦው አመለከተች፣ ቀጥሎ ወደ ደረቷ። ለእኔም ቁረጪልኝ ማለቷ ነው። ብርቅዬ ቅጠሉን እንደያዘች በድንጋዮቹ ላይ ተራምዳ መጣች። መዳፏን የአበዛሽ ግንባር ላይ አኖረችና ወዲያው አነሳችው።

"የት ነበርሽ?" አለች።

አበዛሽ ትኩሳቱ የሚያሰማት መሰላት።

"የት ነበርሽ ነው የምልሽ! ሰሞኑን ቆላ ወርደሽ ነበር?"

"ለቅሶ…" አለች አበዛሽ። "የባለቤቴ ወንድም ሞቶ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ።"

"አድረሻል?"

"ሦስት ቀን።"

"አጎበር ነበር?"

"ለቅሶ ቤት ምን አጎበር አለ! ብርቅዬ፣ ምች ነው። ብርድ ልብስ ሳጥብ ፀሐዩ መታኝ። ጨምቂልኝና ልተኛ።"

"ምችሽን ያዢው!" አለች ብርቅዬ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በካፊኖኖ አወረደችው። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰች። "ምች ይሁን ምን ይሁን፣ መጀመሪያ ደምሽ ይታያል። ቅጠሉ የትም አይሄድም። ተነሺ! አንድ ልጅ በዚህ ቤት ዝምታ ሊያልቅብኝ ነበር፤ አንቺን ደግሞ አልጨምርም።"

የቆረጠችውን ቅጠል ደረጃው ላይ ጣለችው፣ በብብቷ ገብታ አነሳቻት፣ በሌላ እጇ ስልክ ደወለች።

ወንድማገኝ ባጃጁን አጥሩ ጥግ ሲያቆም፣ እናቱና እትዬ አበዛሽ ተደጋግፈው በበሩ ሲወጡ አየ። አፉን ከፍቶ ቀረ። "እማዬ፣ ተነጋገራችሁ እንዴ?"

"ዝም ብለህ ንዳ!" አለች እናቱ።

"እትዬ፣ ይደገፉኝ፣ ቀስ ይበሉ" አለ ልጁ፤ በመስታወቱ እያያቸው ዳገቱን እስኪወርዱ ድረስ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም።

ጤና ጣቢያው በታካሚ ሞልቷል። አበዛሽ ጣቷን ተወግታ ደም ሰጥታ፣ ውጤት እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወባ ነበር፣ በኋላ እንደታወቀው፤ በጊዜ ስለተገኘ በኪኒን የሚመለስ። ያን ሰዓት ግን ገና አያውቁም። አበዛሽ ራሷን ብርቅዬ ትከሻ ላይ ጥላለች። አራት ዓመት ሙሉ፣ ብርቅዬ አንድ ቀን አፏን ብትከፍት የምትመልስላትን ንግግር በልቧ ስትተይብ ኖራለች፤ አንድ ፊደል የማይሳሳት፣ የሚያሳፍር ንግግር። አሁን ብትፈልገው አንድም ቃል የለም።

"ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ የት ነበር ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ" አለች። "የእናቴን ሕግ ብዬ… ልጅሽን…"

"ተይ።"

"አልተውም። ይቅር በይኝ።"

ብርቅዬ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። "እናቱ ማን ናት?" አለች በመጨረሻ። "ቆላ የላክሁት እኔ። ስድስት ሌሊት ወንዝ ዳር ማደሩን የማውቅ እኔ። አንቺ አልጠየቅሽም፤ እኔስ አፍ አልነበረኝም? ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ 'እስካሁን የት ነበራችሁ?' ብሎ አፈጠጠብኝ። ልጄ እየሞተ ነው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ አንቺ በዚያ ፔርሙስ ብቅ አልሽ። አንቺ ላይ ጣልኩት።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ልነግርሽ እመጣለሁ። በሩን ስገባ አፌ ይያዛል። ቅጠል ቆርጬ እወጣለሁ። ቤቴ ማንም አልታመመም፣ አበዛሽ።"

"አውቃለሁ።"

"የት አወቅሽ?"

"አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ምች የሚመታው ቤት በኢትዮጵያ ምድር የለማ!"

ብርቅዬ ሳቅ አመለጣት፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ታካሚዎች ዞር ብለው አዩአቸው። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነባት። አበዛሽ የሚነድ እጇን አውጥታ የብርቅዬን እጅ ያዘች።

"ለምን ቀረሽ ታዲያ? ሦስት ሳምንት ሙሉ በመስኮት አፍጥጬ!"

"መሄድሽን ሰማሁ። መጥቼ ቆርጬ ብወጣ የመጨረሻዬ እንዳይሆን ፈራሁ። ካልመጣሁ የማትሄጂ መስሎኝ፤ ሞኝ ነኝ።" የአበዛሽን እጅ ጠበቅ አደረገች። "አንቺ ስትሄጂ እኔ ማን ግቢ ነው የምገባው? ከማን ጋር ነው ዝም የምለው?"

አበዛሽ ራሷን ከብርቅዬ ትከሻ ቀና አደረገች። ኑኃሚን እንደምትቆጣ ታውቃለች፣ የልጅ ልጆቿም ዓይኗ ላይ ሄዱ። ያም ሆኖ መልሱ አፏ ላይ ነበር።

"ስፈልግ የኖርኩት አንዲት ቃል ነበረች" አለች። "ዛሬ ሰማሁ። ከእንግዲህ ወዲያ የት አባቴ እሄዳለሁ?"

ነርሷ በበሩ ብቅ ብላ "አበዛሽ!" ብላ ጠራች። ሁለቱም ተነሱ።